ለቴዲ ቤር የሚሆን ጨርቅ፦ ሦስት ናሙና ይዣለሁ፣ የቱን ልቁረጥ?

የአራት_ኪሎዋ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። በእጅ የሚሰፋ ቴዲ ቤር መሥራት ልጀምር ነው። ፓተርኑን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ አግኝቻለሁ፤ ሲያልቅ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ እጅና እግሩ የሚዞር ዓይነት ነው። የቸገረኝ ጨርቁ ነው።

ቅዳሜ መርካቶ ዞሬ ሁለት ናሙና ይዤ መጣሁ፣ ሦስተኛው ከሽሮ ሜዳ ነው። አንደኛው ረጅም ጸጉር ያለው ቡናማ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ሲዳብሱት በጣም ደስ ይላል፣ ጀርባው ግን ስስ ነው፣ ስስበው ይለጠጣል። ሁለተኛው ግራጫ ባና ነው። ሦስተኛው ጋቢ ነው፣ ገና ውሃ ያልነካው። ሻጮቹን ብጠይቅ ሁሉም "ይሆንሻል" ነው የሚሉኝ።

እኔ የምፈልገው ዓመታት የሚቆይ ነገር ነው። ልጅ እግሩን ይዞ መሬት ለመሬት የሚጎትተው፣ ጆሮውን አፉ ውስጥ የሚከተው፣ አቅፎት የሚተኛው ድብ። በሁለት ወር ጸጉሩ ረግፎ፣ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ማየት አልፈልግም። አንደኛው ለሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ ነው፣ ሌላው ደግሞ በቅርብ ለሚወለድ ሕፃን። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ጨርቅ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?

ወስፌ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዓይንና ስለ ሪባን ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው የጨርቁን ጀርባ ነው። ፊቱን ማንም ያየዋል፣ ሻጩም የሚያሳይሽ ፊቱን ነው። ድቡን የሚሸከመው ግን ጸጉሩ ሳይሆን ጸጉሩ የተተከለበት ጨርቅ ነው። ስፌቱ የሚይዘው እሱን ነው። ዓይኑ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ውስጡ የሚሞላው ፋይበር ሲጠቀጠቅ የሚወጠረውም እሱ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳታፍሪ ገልብጪው። ድርና ማግ ኖሮት የተሸመነ ከሆነ ጎሽ። እንደ ሹራብ የተሠራ ከሆነ ይለጠጣል፤ ስትሞዪው ሆዱ ካሰብሽው በላይ ይነፋል፣ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ሁለቱ እግሮች አንድ ቁመት ላይኖራቸው ይችላል።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ጠርዙን በሁለት እጅሽ ያዢና አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ፣ አንዴ ደግሞ በሰያፍ ሳቢው። ከዚያ ልቀቂው። ወዲያው ቦታው የሚመለስና ተለጥጦ የሚቀር ጨርቅ ልዩነቱ ያኔ ይታይሻል። ቀጥለሽ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገሽ እጠፊውና እጥፋቱ ላይ እዪ። ጸጉሩ ለሁለት ተከፍሎ ጀርባው ወለል ብሎ ከታየ ጸጉሩ ስስ ነው። ድብ ጠፍጣፋ ቦታ የለውም እኮ፤ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ ትከሻው ሁሉ ጨርቁን ያጥፈዋል። ሱቅ ውስጥ እጥፋቱ ላይ ያየሽው ክፍተት ቤትሽ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይመጣል። ጸጉሩንም ቆንጠር አድርገሽ ሳብ አድርጊው። ጥቂት ቢነቀል ምንም አይደለም፣ ከተቆረጠው ጠርዝ ሁልጊዜ ይረግፋል። ከመሀሉ እየተጎለጎለ የሚመጣ ከሆነ ግን ሱቁ ይቅናው ብለሽ ውጪ።

የጸጉሩ ርዝመት ከድቡ ቁመት ጋር ይሂድ። ለ35 ሴንቲ ሜትር ድብ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያለው ያምርበታል። መዳፍ ላይ ለሚቀመጥ ትንሽ ድብ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አልሄድም፣ ፊቱ ጸጉር ውስጥ ይጠፋል።

በውጭ አገር ድብ ሰፊዎች ዘንድ የሚወደደው ሞሄር ነው። የአንጎራ ፍየል ጸጉር ነው። የፍየሏ ዘር የመጣው ከቱርክ አንካራ አካባቢ ሲሆን ዛሬ ሞሄር በብዛት የሚመረተው ደቡብ አፍሪካ ነው። ለድብ የሚሸጠው ጨርቅ ጸጉሩ ሞሄር፣ ጀርባው የተሸመነ ጥጥ ነው። ጸጉሩ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል፣ ጀርባው አይለጠጥም። እኔ አዲስ አበባ በሜትር ሲሸጥ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ሞሄር ፍለጋ አትንከራተቺ። ጸባዩን ፈልጊ፦ የጸና ጀርባና የሚነሳ ጸጉር። ከሦስቱ ናሙናሽ ለሰባት ዓመቱ ልጅ እኔ ባናውን እቆርጥ ነበር።

ባለ_መቀስ

ወስፌ ያለችው እውነት ነው። ግን ገበያችንንም እንይ። እኔ መርካቶ ነው የምሰፋው፣ ጨርቅ ሲገባም ሲወጣም አያለሁ። ጀርባው የተሸመነ ጸጉራም ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም። የሚገኘው አብዛኛው የሚለጠጠው ነው። ቡናማውን ከወደድሽው መጣል የለብሽም፣ ማጠንከር ይቻላል።

አቡጀዲ ግዢ። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ተኩሺው፤ ሳይታጠብ ከገባ በኋላ ውስጥ ሆኖ ይሸበሸባል። ከዚያ እያንዳንዱን የድብ ክፍል ከአቡጀዲም ቁረጪና ከጸጉራሙ ጀርባ ጋር ዙሪያውን በእጅ ያዝ ያዝ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አንድ ጨርቅ ነው ብለሽ ስፊው። ጸጉራሙ አቡጀዲው ከፈቀደለት አልፎ አይለጠጥም። በካውያ የሚለጠፈውን ማጠንከሪያ ለዚህ ጨርቅ አልመክርም። ለመያዝ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደግሞ ካውያ ሲያገኘው ጫፉ ቀልጦ ይኮማተራል። አንዴ ከተኮማተረ ማበጠሪያም አይመልሰው።

አቆራረጡ ላይ ብዙ ሰው ጨርቅ ያበላሻል፣ ስለዚህ በደንብ ልንገርሽ። ይህን ጨርቅ ደርቦ መቁረጥ የለም፣ አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ፊቱን በእጅሽ ዳብሺው። እጅሽ ሳይያዝ ለስልሶ የሚሄድበት አቅጣጫ ጸጉሩ የሚተኛበት ነው። ገልብጪውና በዚያው አቅጣጫ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ትልልቅ ቀስት ሥሪ፣ እዚህም እዚያም። ፓተርኑም ላይ ቀስት አለ፤ ሁለቱን አግጥሚ። ሆድና እግር ላይ ጸጉሩ ወደ ታች ይውረድ፣ ጭንቅላቱ ላይ ከአፍንጫው ወደ ኋላ ይሂድ። ጥንድ ለሆኑት ክፍሎች አንዱን ከሳልሽ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠሽ ሌላውን ሳዪ፣ አለበለዚያ ሁለት ግራ እጅ ይወጣልሻል።

ስትቆርጪ ጀርባውን ብቻ ቁረጪ። ትንሽ ሹል መቀስ ያዢ፣ የታችኛውን ጫፍ ከጸጉሩ ሥር አሾልኪ፣ በትንሽ በትንሹ ሂጂ። መቀሱ አፉን ከፍቶ ከረከመው ማለት ጸጉሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው፣ ስፌቱ ላይ ገላጣ መስመር ይወጣል። እጁ የጸና ሰው ጨርቁን ከጠረጴዛ ከፍ አድርጎ በምላጭ መቁረጥም ይችላል።

የመኪናው መርፌ 90 ወይም 100 ቁጥር፣ ክሩ ፖሊስተር፣ የአንዱ ስፌት ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከስፌቱ ውጭ የሚቀረው የዳሩ ትርፍ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከመስፋትሽ በፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ጸጉር በወስፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እየገፋሽ ስፒል ውጊው፣ ስፒሉን ጠጋ ጠጋ አድርጊው። ሲገለበጥ ስፌቱ የበላውን ጸጉር በወፍራም መርፌ ጎልጉለሽ አውጪ። ይሄ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ስፌቱ የት እንዳለ እንዳይታወቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

የአራት_ኪሎዋ

ጋሼ ባለ መቀስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለም። ወስፌ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፣ ጀርባውን ገልብጦ ማየት አእምሮዬ ውስጥ ገብቷል። አንድ ነገር ልጠይቅ። ባናው እውነት ሱፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሻጩ ሱፍ ነው ብሎኛል፣ ስዳብሰው ግን አንዳንዱ ክር ያብረቀርቃል።

ወስፌ

በእሳት ነው የሚታወቀው። ከዳሩ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢ። ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ ወይም ብረት ሰሃን ላይ አድርጊው፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ልጅ አጠገብሽ አይኑር። ክሩን በወረንጦ ይዘሽ ወደ ክብሪቱ አስጠጊው።

ሱፍም ሞሄርም ከሆነ እያንቀላፋ ይነዳል፣ ከእሳቱ ስታርቂው ራሱ ይጠፋል። ሽታው የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ነው፣ የሚተወው ጥቁር ነገር በጣት ሲነኩት ይደቃል። ጥጥ ከሆነ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳና ግራጫ ነው። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ በጥፍር የማይሰበር ጠጣር እንክብል ይተዋሉ። ቅልጥ ያለው ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በጣትሽ እንዳትይዢው።

የሚያብረቀርቀውንና የማያብረቀርቀውን ክር ለየብቻ ሞክሪ። ድብልቅ ሊሆን ይችላል።

ሸማኔው_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጋቢውን ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። ሽሮ ሜዳ ነው ያደግሁት፣ አባቴ ሸማኔ ነው።

ጋቢ ለድብ ይሆናል፣ ግን ጸባዩን ማወቅ አለብሽ። ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። የእጅ ፈትል ላላ ብሎ ስለሚከር፣ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ስለሚል ነው ጋቢ የሚለሰልሰውና የሚሞቀው። ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ተጠቅጥቆ ሲወጠር ማጉ ድሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ስፌቱ ሳይበጠስ ከስፌቱ ዳር ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ ገና ውሃ ያልነካውን ጋቢ አትቁረጪ። ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስቴ እጠቢው፣ ይሰበሰባል፣ ክሩም ይያያዛል። ከዚያ ጋሼ እንዳሉት አቡጀዲ ከሥሩ ይግባ። የዳሩን ትርፍ ግን 6 ሚሊ ሜትር አታድርጊው፣ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የተቆረጠውን ጠርዝም ቀጭን ኮላ አስነኪው።

ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ማዘዝ ነው። ሸማኔው ጋ ሂጂና "ጠበቅ አድርገህ ምታልኝ" በዪው። ማጉን ጠበቅ አድርጎ ሲመታው ያው ፈትል ሌላ ጨርቅ ይሆናል። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ድር ላይ ለብዙ ድብ የሚበቃ ጨርቅ ይወጣል፣ ከጓደኛ ጋር ተካፈሉ። ጥለቱን ሆዱ ላይ አትበትኚው። መዳፉ ላይና የጆሮው ውስጥ ላይ ስታደርጊው ያምራል፣ አባቴ ጥለት የሚያስገባው ጠርዝ ላይ እንዲታይ ነው።

ስለ ባናውም ልጨምር። እውነተኛ የመንዝ ሱፍ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየታሸ ሲታጠብ ይኮማተራል፣ ይጠብቃል፣ ሲቆረጥም አይተረተርም። ከደረቀ በኋላ ፊቱን በብረት ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብትቦርሺው ጸጉር ያወጣል። ሱቅ ሄደሽ የምትፈልጊውን ጸጉራም ጨርቅ ቤትሽ ታወጪያለሽ ማለት ነው። ግን ይሻክራል፣ ለሕፃን አይሆንም። ብልም ይወደዋል፣ ስለዚህ ቁራጩን በላስቲክ አስረሽ ለጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፣ ያለውን እጭ ይገድላል።

ወስፌ

ሸማኔው ልጅ፣ ስለ ብሩሹ ጥሩ አድርገህ ተናገርክ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጋቢ ጠበቅ ተደርጎ ከተመታ በኋላም ለሚዞር እጅና እግር አልመርጠውም። መገጣጠሚያው ውስጥ ክብ ሰሌዳና ብረት አለ፣ ብረቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይፈተጋል። የእጅ ፈትል እዚያ ላይ ያልቃል። ጋቢ ከሆነ እጅና እግሩ የማይዞር፣ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሰፋ ይሁን።

ሸማኔው_ልጅ

እሱንስ እውነትሽን ነው። ወይ ደግሞ ቀዳዳው ዙሪያ ክብ የቆዳ ቁራጭ ከውስጥ መስፋት ይቻላል። እኔ የማይዞረውን ነበር ያሰብኩት።

ሰሜን_ተራራ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ሁላችሁም ድብ ድብ ትላላችሁ፣ እዚህ አገር ድብ የለም። ልጆቻችን ለምን አንበሳ፣ ለምን ጭላዳ አያቅፉም? ቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ሱቆችም ለልጅ የሚሆን የጨርቅ ጭላዳ አይቼ አላውቅም። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የድሮ_አሻንጉሊት

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ሁለቱም ይሠሩ ባይ ነኝ። የቴዲ ቤር አነሳስ ከአንድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ወጥቶ የታሰረ ድብ አልተኩስም አለ። ክሊፎርድ ቤሪማን ያንን በካርቱን ሣለው። ብሩክሊን ውስጥ ሱቅ የነበራቸው ሞሪስ ሚችተምና ባለቤቱ ሮዝ የጨርቅ ድብ ሰፍተው ለሽያጭ አቀረቡ፣ በፕሬዝዳንቱ የቁልምጫ ስምም ቴዲ አሉት። በዚያው ጊዜ ጀርመን ውስጥ ጊንገን በምትባል ከተማ ሪቻርድ ሽታይፍ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የሞሄር ድብ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ላይፕዚግ ንግድ ትርኢት ላይ ቀረበ። ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ነበር።

አሁን ስለ ጭላዳው። ያ ቡናማ ረጅም ጸጉር ያለው ናሙና ለ35 ሴንቲ ሜትር ድብ በዝቶበት ሊሆን ይችላል፣ ለወንድ ጭላዳ ግን ግሩም ነው። ወንዱ ትከሻውና ጀርባው ላይ ረጅም ጎፈር አለው፣ ፊቱ ገላጣ ነው፣ ደረቱ ላይ ጸጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለ። ጎፈሩን ከረጅሙ ጸጉር፣ አካሉን ከአጭር፣ ፊቱን ከጥቁር ቡናማ ስስ ቆዳ፣ ደረቱን ከቀይ ከፋይ መሥራት ይቻላል። ከፋይም ጸጉሩ አቅጣጫ አለው፤ ገልብጠሽ ከሰፋሽው ያው ቀይ ሌላ ቀይ ይመስላል።

ሰሜን_ተራራ

በጣም አመሰግናለሁ። የጭላዳ ፓተርን የሠራ ካለ ለማየት ዝግጁ ነኝ። ደረቱን በከፋይ ማለትህ ጥሩ ሐሳብ ነው።

የድሮዋ_ባዘቶ

ልጆች፣ እኔ ስለሚሞላው ነገር ልናገር፣ ጨርቅ ካለ ሙሌቱ የለም ማለት አይቻልም። በእኛ ጊዜ አሻንጉሊት የሚሞላው በባዘቶ ወይም በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። ባዘቶ ክብደት አለው፣ ልጅ ሲያቅፈው ያለ መሆኑ ይታወቀዋል። ግን ጥጥ እየቆየ ይጠቀጠቃል፣ ሲታጠብ ደግሞ ጓል ይሆናል። ስስ ጨርቅ ከሆነ ጓሉ ከውጭ ይታያል። የትራስ ፋይበር ቀላል ነው፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ቶሎ ይደርቃል።

እኔ የማደርገው አፍንጫውንና የእግሩን መዳፍ በባዘቶ ጠበቅ አድርጌ፣ ሆዱንና ጭንቅላቱን በፋይበር ነው። ፋይበሩን ዘርዝራችሁ በትንሽ በትንሹ ክተቱ፣ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ወደ ጥጉ ግፉት። አንድ ጊዜ ጠቅልሎ መክተት ያጎብጠዋል። ባዘቶ የበዛበትን ድብ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አትጠቡት። በአዲስ አበባ ክረምት ውስጡ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ ይሸታል። መስከረም እስኪጠባ ፊቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ባለ_መቀስ

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልን። የማንኪያ እጀታውን እኔም እጠቀምበታለሁ።

ነርሷ

ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለ ሚወለደው ልጅ ድብ ልናገር። እባክሽ ለሕፃኑ ረጅም ጸጉር አታድርጊ። ከተቆረጠው ጠርዝ የሚረግፈው ጸጉር አፍ ውስጥ ይገባል፣ ሕፃን ሁሉን ነገር በአፉ ነው የሚያውቀው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የመስታወት ዓይን አይሁን። ዓይንና አፍንጫው በክር ይጠለፍ።

"የማይነቀል" ተብሎ የሚሸጠው የፕላስቲክ ዓይንም ቢሆን የሚይዘው ከኋላ ባለችው ቀለበት ነው። ጨርቁ ላላ ያለ ከሆነ ዓይኑ ከነቀለበቱ ሾልኮ ይወጣል። ወስፌ ስለ ጀርባው ያለችው እዚህ ላይ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። የአውሮፓ የአሻንጉሊት ደረጃ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥን ዓይን በ90 ኒውተን ይጎትተዋል። ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ተንጠልጥሎበት ማለት ነው። ላላ ያለ ሽመና ያንን አይችልም።

አዲስ የተወለደ ልጅ ደግሞ ሲተኛ አልጋው ውስጥ ምንም ዓይነት አሻንጉሊት ባይኖር ነው የሚመከረው። ድቡ መደርደሪያ ላይ ይጠብቀው፣ ነቅቶ ሲጫወት እያያችሁት ይሰጠው። አንገቱ ላይ ሪባንም አይታሰር።

የአራት_ኪሎዋ

ስለ ሪባኑ በጊዜ ነገርሽኝ፣ ገዝቼ ነበር። ይቀራል።

ባናውን በእሳት ሞከርኩት። የማያብረቀርቀው ክር እንዳልሽው የጸጉር ሽታ ሸተተ፣ በጣቴ ስነካው ደቀቀ። የሚያብረቀርቀው ቀልጦ ጥቁር እንክብል ሆነ። ድሩ በሙሉ ሱፍ ነው፣ ማጉ ላይ ነው የተደባለቀው። ወስፌ፣ አሁንስ ታጥቦ ይጠብቃል?

ወስፌ

በከፊል። የሚኮማተረው ሱፉ ነው፣ ሰው ሠራሹ ክር ባለበት ይቆያል። ስለዚህ አንዱ አቅጣጫ ከሌላው በላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ሙሉውን ከማጠብሽ በፊት ልክ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ያዝ ያዝ አድርጊው፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እሺው፣ አድርቀሽ ለኪው። በቁመት ስንት፣ በወርድ ስንት እንደቀረ ጻፊ። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ሙሉውን እጠቢ። በጣም ከተለያዩ በሙቅ አትጠቢው፣ በለብ ያለ ውሃ ብቻ አጽጂውና አቡጀዲ ከሥሩ አድርገሽ እንዳለ ስፊው። ከታጠበ በኋላ ነው ፓተርኑ የሚቀመጠው፣ በፊት አይደለም።

ቀለሙንም እዪው። የታጠበበትን ውሃ ነጭ ሳህን ላይ ጨምሪው። ግራጫ ከለቀቀ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመሽ አለቅልቂው፣ ልጁ ጆሮውን መምጠጡ አይቀርም።

ለሕፃኑ ያን ጋቢ አድርጊው። ታጥቦ፣ አቡጀዲ ገብቶለት፣ እጅና እግሩ አብሮ ተሰፍቶ፣ ዓይኑ በዳንቴል ክር ተጠልፎ። ቡናማውን ለጭላዳው አስቀምጪ።

የአራት_ኪሎዋ

ተወሰነ። ባናው ለትልቁ፣ ጋቢው ለሕፃኑ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለትልቁ ድብ መዳፍ ምን ልጠቀም? ፓተርኑ ፌልት፣ ማለትም ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሠራ ጨርቅ፣ ይላል፣ ያገኘሁት ፌልት ግን በጣት ሲፈተግ ይበተናል።

ባለ_መቀስ

ያንን ፌልት ተዪው። ሰው ሠራሽ ነው፣ ቶሎ ይሳሳል። የበግ ቆዳ ተጠቀሚ። የደጋችን በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ላይ ለጓንት የሚፈለግ ቆዳ ነው፣ ለድብ መዳፍ ከዚያ የሚሻል የለም። ጃኬትና ቦርሳ የሚሰፉ ሰዎች ጋ ቁርጥራጩ ይጣላል፣ ጠይቂያቸው። ለአራት መዳፍ የሚያስፈልግሽ ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ የምትሸፍኚው ያህል ነው። ሻካራው የቆዳው ጀርባ ወደ ውጭ ቢሆን ከባናው ጋር ይሄዳል፣ የሚያብረቀርቀው ፊት ለድብ ይበዛበታል።

ቆዳ መርፌ የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም። ስለዚህ ስፒል አትውጊ፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። መጀመሪያ አራት ቦታ ያዢ፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ መሀል መሀሉን ሙዪው፣ ባናውን በጥቂቱ እየሰበሰብሽ፤ ቆዳው አይሰበሰብም፣ የሚሰበሰበው ሱፉ ነው። የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለታም ነው፣ በመኪና ከሆነ እሱን አስገቢ፣ ስፌቱንም ወደ 3 ሚሊ ሜትር አስረዝሚው፣ ጠጋ ጠጋ ካለ ቆዳው በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል። መብራት ከሄደ በእጅ ወደ ኋላ እየመለስሽ ስፊው፣ ክሩን ሰም አስነኪው። እኔ ብሆን መብራት ኖሮም መዳፉን በእጅ ነው የምሰፋው።